ቬትናምን ያላየው ይመር

ይመር መሞቱን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ወደ ትምህርት ቤት እየሄድን ሳለ የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። አነሳው፣ «እ?» አለ፣ ትንሽ አዳመጠ፣ ከዚያ ባጃጇን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ጢሙ የሸበተ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰውዬ ነው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ቲቸር ይመር አረፉ። ልባቸው ነው አሉ። አልሰሙም እንዴ? አንቱ ጓደኛቸው አይደሉ?»

ይህን የምጽፈው እውነቱን ለመናገር ነውና ከመጀመሪያው አልዋሽም። ቀድሞ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ የሚያለቅሰውን ሾፌር ከኋላው ተቀምጬ እያየሁ፣ «እኔ ብሞት ይሄ ሰው ባጃጁን ያቆማል?» ብዬ አሰብኩ። እኔም እኮ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ሐዘኑ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ሲመጣ ግን ከሾፌሩ እኩል አለቀስኩ።

እኔና ይመር የአምባሰል ልጆች ነን፤ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ካለ አንድ ቀበሌ። አንድ ክፍል ተምረናል። ደሴ ኮሌጅ ስንገባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ድስት ሽሮ በልተናል። ስንመረቅም ሁለታችንም የጂኦግራፊ መምህር ሆነን ሐይቅ ተመደብን። በኋላ እኔ ምክትል ርእሰ መምህር ሆንኩ፣ እሱ እዚያው ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቀረ። በወረቀት ሲታይ የበለጥኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን የሚያይ ሰው ግን ሐይቅ ውስጥ አልነበረም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮቱ ኪስ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበር። ተማሪን ጥያቄ ሲጠይቅ መነጽሩን አውልቆ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቀው፣ «ካየኋቸው ይፈሩና የኔን መልስ ይነግሩኛል። የኔንማ አውቀዋለሁ» አለኝ። እኔም ክፍል ገብቼ ሞከርኩት። ወደ መስኮቱ ስዞር ከኋላዬ ሁለት ልጆች ወረቀት ተወራወሩ።

በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሁለት በማደግ ላይ ያሉ አገሮችን የሚያወዳድር አጭር ምዕራፍ አለ። ሌሎቻችን በሁለት ክፍለ ጊዜ ጽፈን፣ አስጽፈን፣ ፈትነን እንገላገለዋለን። ይመር ግማሽ ዓመት ይቆይበታል። ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ኢትዮጵያ፣ በግድግዳው በኩል ያሉት ቬትናም። ከሁለት ወር በኋላ አገር ይለዋወጣሉ። በዚያ ቀን ይመር በመተላለፊያው መሀል ቆሞ «ፓስፖርት!» ይላል። ፓስፖርቱ ደብተራቸው ነው፤ ከሚለቁት አገር ምን እንደሚናፍቃቸው፣ በሚገቡበት ምን እንደሚያስቀናቸው ያልጻፈ አያልፍም። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ሳይጽፍ ተገኝቶ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ መተላለፊያው ላይ አገር አልባ ሆኖ ቆሟል።

በደርግ መውደቂያ ጦርነት ወራት የትምህርት ቤቱ ካርታዎች በሙሉ ጠፍተው ስለነበር፣ ይመር ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሮ አንድ ላይ ሰፋና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። በማርከር ለሁለት ከፈለው፤ በአንዱ በኩል «እኛ»፣ በሌላው «እነሱ» ብሎ ጻፈ። መንገድ፣ ምርት፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ የሴት ኑሮ፣ የሽማግሌ ኑሮ፣ የማይጻፍ ነገር አልነበረም። ግን እያንዳንዱ ነገር ምስክር ያስፈልገዋል። ከመጽሐፍ ከሆነ መጽሐፉ፣ ከሬዲዮ ከሆነ ሬዲዮው፣ ከሰው ከሆነ የሰውየው ስም አጠገቡ ይጻፋል። ምስክር ያጣው በጥያቄ ምልክት ይቀመጣል። አንዷ ተማሪ «እነሱስ እንደኛ ቅሬ፣ እድር አላቸው? እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀባበራል?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ ሳያገኝ ጆንያው ላይ አለ።

አንድ ቀን መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን፣ «ለምን ከሀብታም አገር ጋር አታወዳድራቸውም? ቬትናምን ከየት አመጣሃት?» አልኩት።

«አንተ ትሙት ታደሰ፣ በሀብታም ማን ይቀናል?» አለኝ። «ሰው የሚቀናው አብሮት ሲቸገር በነበረው ነው። እነሱም ተዋግተዋል። እነሱም ተርበዋል። ቡናውም ከኛ ምድር የበቀለ ነው፣ ዛሬ ግን ከኛ የበለጠ የሚሸጡት እነሱ ናቸው። ልጆቼ ይሄን ሰምተው እንዲያዝኑ አልፈልግም። ወላሂ፣ እንዲቀኑ ነው የምፈልገው።»

ለተማሪዎቹም «ከቀናችሁ እርሳስ አውጡ» ይላቸው ነበር። ያስቀናችሁ ነገር ምንድን ነው? እንዴት አገኙት? ማንንም ሳንጠብቅ እኛ ልናደርገው የምንችለው የቱን ነው? ይህን ያስጽፋቸዋል። እኔ ስቀና ኖሬ እርሳስ አውጥቼ አላውቅም። የምቀናውም በቬትናም ሳይሆን በእሱ ነበር።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ።

አንድ የውጭ ድርጅት ለጂኦግራፊ መምህራን የሦስት ሳምንት የልምድ ልውውጥ አዘጋጅቶ ለትምህርት ቤታችን አንድ ቦታ ሰጠ። አገሩን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ቬትናም ነበር። ደብዳቤው «ትምህርቱን በማስተማር ላይ የሚገኝ አንድ መምህር» ይላል። ርእሰ መምህሩ እረፍት ላይ ስለነበር ደብዳቤው የመጣው ወደ እኔ ነው። ከኮምቦልቻ ወዲያ ተሻግሮ የማያውቀው ይመር ከቢሮዬ አጠገብ ባለው ክፍል ስለ ቬትናም የሩዝ ማሳ እያስተማረ ነበር፤ ድምፁ ይሰማኛል። ደብዳቤውን ሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን የራሴን ስም ጽፌ ላክሁ።

ምን ብዬ ራሴን እንዳሳመንኩ ልንገራችሁ። «እሱ ሁሉ ነገር አለው» አልኩ። ልጆቹ የሱ ናቸው፣ ከተማው የሱ ነው፤ ይቺ አንዲት እንኳ ለእኔ ትሁን።

መሄዴን ሲሰማ ይመር ቢሮዬ ድረስ መጥቶ አቀፈኝ። ቦታው ለማን እንደነበረ አያውቅም። «ማሻአላህ! ታዴ፣ ዓይናችንን ላክን እኮ!» አለኝ። የሚልከው ዓይን የኔ መሆኑ ነው።

ቬትናም ውስጥ ያየሁትን በሐቀኝነት ብናገር ግማሽ ገጽ አይሞላም። ጠዋት ከሆቴል ወደ አዳራሽ፣ ማታ ከአዳራሽ ወደ ሆቴል። በሁለተኛው ሳምንት ሆዴን አሞኝ አራት ቀን ተኛሁ። ገጠር ሲወስዱን ቀርቼ ጫማ ስገዛ ዋልኩ።

በተመለስኩበት ቅዳሜ ይመር ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ ጋበዘኝ። ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። ዓሣው ሳይመጣ አዲስ ደብተር አወጣ። ጥያቄዎቹን ቀድሞ ጽፏቸዋል፤ ገጹን ሲገልጥ ገጽ ከገጽ ሞልቶ አየሁ።

«ጀምር» አለኝ። «አትቸኩል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ጀምር።»

የማውቀውን ነገርኩት። ሞተር ሳይክሉ መንገዱን እንዴት እንደሚሞላው፣ ሰዉ የእግረኛ መንገድ ላይ አጫጭር የፕላስቲክ ወንበር ደርድሮ እንደሚበላ፣ ቡናቸውን ጠብ ጠብ አድርገው አጥልለው የቆርቆሮ ወተትና በረዶ እንደሚጨምሩበት።

«በረዶ? ቡና ላይ?» ብዕሩን አስቀመጠ። «በዚህስ አልቀናም።»

ሳቅን። ከዚያ ጥያቄዎቹ እየጠበቡ መጡ። ገበሬ ቤት ገብተሃል? አዎ አልኩ፤ አልገባሁም። ሽማግሌው ከማን ጋር ይኖራል? ከልጁ ጋር አልኩ፤ በግምት። ዓሣው መጣ፣ ቀዘቀዘ፣ እሱ አልነካውም።

«ውሃ የሚቀዱት እንዴት ነው? በየቤቱ ቧንቧ ነው ወይስ እንደኛ የሰፈር ቦኖ አላቸው? ወረፋ አለ? ማን ይቀድማል?»

ይህን ማን ያያል? ማንስ ይጠይቃል? ግን አላየሁም ማለት ሞት መሰለኝ። እሱ ቢሄድ ኖሮ ይሄን አይቶ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ጠዋት በሰፈራችን ቦኖ ሳልፍ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ፀሐይ ላይ ጀሪካኗን ይዛ ቆማ አይቼ ነበር። እሷ ትዝ አለችኝና፣ «እርጉዝ ሴት ወረፋ አትጠብቅም» አልኩት። «ሕግ ነው። ስትመጣ ሁሉም ያሳልፋታል።»

ይመር መነጽሩን አውልቆ ወደ ሐይቁ ዞረ። «ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም» አለ። «ምንም አይጠይቅም እኮ ታዴ! እኛ ለምን አላሰብነውም?»

እኔም ጥጋብ ያዘኝና «አስተማሪ ደግሞ አውቶቡስ ላይ አይከፍልም» ብዬ ጨመርኩ። ይመር ሳቀ። «ይቺን ግን ለኛ ብለህ የጨመርካት ናት» አለና አልጻፋትም። የመጀመሪያዋን ግን ጽፏታል፤ ከሥሯም አስምሮባታል።

ሰኞ ጆንያው ላይ በ«እነሱ» በኩል ተጽፋ አገኘኋት፦ «እርጉዝ ሴት ውሃ ስትቀዳ ወረፋ አትጠብቅም። ምስክር፦ መምህር ታደሰ፣ በዓይኑ ያየ።» አፈርኩ ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። ስሜ በይመር ጆንያ ላይ ሰፍሮ አየሁት።

ደስታዬ ሳምንት አልቆየም። ይመር ምስክርነቴን እንድሰጥ ክፍል ጋበዘኝ። ገብቼ ሆቴሉን፣ አዳራሹን፣ የሥልጠናውን ዓላማና ግብ ተናገርኩ። ልጆቹ አዛጉ። ከዚያ አንዱ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር ይመር፣ ያቺን የውሃውን ወረፋ አንቱ ንገሩን» አለ። እኔ እዚያው ቆሜ! አገሩን ረግጦ የመጣውን ሰው ትተው ኮምቦልቻን ያላለፈውን ሰው ጠየቁ። ይመር ተሽኮርመመ፣ «እሱ እያለ?» አለ፣ ለመኑት፣ ተናገረ። ሴትዮዋን አቆማት፣ ላቧን አሳየን፣ ከወረፋው መሀል አንዷ «ነይ እቱ፣ እለፊ» ስትላት አሰማን። የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ እንባዬን የያዝኩትም እኔ ነኝ። የገዛ ውሸቴ በሱ አፍ ያማረ ጊዜ የተሰማኝን ቅናት ለጠላቴም አልመኘውም።

እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይገባል፣ በየዓመቱ ሴትዮዋ ወረፋውን ታልፋለች።

የቀብሩ ዕለት ሬሳው ወደ ትውልድ ቀበሌው ስለተወሰደ በውጫሌ በኩል ወጣን። ሰው ከሐይቅ፣ ከደሴ፣ ከየገጠሩ ጎርፏል። እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬ ወጥቶ ድንኳኑን ተክሏል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቦኖ አለ፤ ሴቶች ለለቅሶኛው ውሃ ሊቀዱ ተሰልፈዋል። አንዲት እርጉዝ ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ ብቅ አለች። ከወረፋው ውስጥ አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ቬትናም መጣች! አሳልፏት!» አሉ።

ጀሪካኖቹ ግራና ቀኝ ተንፏቀቁ። ሴትየዋ ማንንም ሳትለምን አልፋ ቀዳች።

የትውልድ ቀበሌዬን ከረገጥኩ ዓመታት አልፈው ነበርና የሰማሁትን አላመንኩም። አጠገቤ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሐዋ ቆማለች፤ ድሮ የይመር ተማሪ ነበረች። «ምን አሉ እሳቸው?» አልኳት።

«እዚህ እርጉዝ ሴትን ቬትናም ነው የምንላት ቲቸር» አለችኝ። ለቅሶ ላይ ሆና ፈገግ አለች። «ቲቸር ይመር ናቸው ያስተማሩን። እዚህ ስመደብ ለቅሬው ነገርኩ። የቅሬው ዳኛ ‹የማን ሕግ ነው?› አሉኝ። የቬትናም ነው፣ በዓይኑ ያየ ምስክር ሐይቅ ከተማ አለ አልኳቸው። ‹እነሱ ከቻሉ እኛ ምን አነሰን› አሉና ወሰኑ። ያላሳለፈች ሴት ትወቀሳለች። አሁን እስከ ታችኛው ሰፈር ደርሷል። ሁሉ የሳቸው ሥራ ነው፣ አላህ ጀነት ያግባቸው።»

«የኔ ነው!» ልል አፌ ተከፈተ። እውነት እላችኋለሁ፣ ወንድሜን ቀብሬ በተመለስኩ በሰዓቱ ምስጋናውን ልሻማ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የኔ ነው ለማለት መጀመሪያ ውሸት ነው ማለት አለብኝ። አፌን ዘጋሁት።

ልሰናበት ስገባ ባለቤቱ ሰዓዳ እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል። «ታደሰ ወንድምዓለም፣ አላህ ይስጥህ» አለችኝ። «እግሩ ያልረገጠውን አገር አንተ ነህ ያሳየኸው። በመጨረሻዋ ሌሊት እንኳ ‹ታዴ የነገረኝ› እያለ ነበር። አንተ ባትሄድለት ኖሮ ምኞቱ እንዲሁ በሆዱ ይቀር ነበር።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» ያልኳት ይመስለኛል።

በሳምንቱ ርእሰ መምህሩ የይመርን ክፍል እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንድይዝ አዘዘኝ። ገባሁ። ጆንያው እንደተሰቀለ ነው። ልጆቹ በመስኮቱና በግድግዳው በኩል፣ ኢትዮጵያና ቬትናም ሆነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። የሰዓዳ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ጠመኔ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩት።

«እዚያ ጋ ስሜ የተጻፈበትን ታያላችሁ?» አልኳቸው። «የውሃውን። አላየሁም። ዋሽቼ ነው። ቬትናም ውስጥ አንድም ቦኖ አጠገብ ደርሼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ሕግ ይኑራቸው አይኑራቸው የማውቀው ነገር የለም። መምህር ይመር ያመነኝ ጓደኛው ስለሆንኩ ነው።»

ሳቅ፣ ጩኸት፣ ሹክሹክታ ጠብቄ ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል አንዲት ልጅ ተነሳች፤ ከአምባሰል መጥታ ሐይቅ አክስቷ ዘንድ እየተቀመጠች የምትማር ናት።

«እንግዲያው የነሱ አይደለማ ቲቸር?»

«መሆኑን አላውቅም። ምስክር የለውም።»

«እኛ ሰፈር ግን አለ።»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጆንያው ሄደች። ማርከሩን አንስታ በ«እነሱ» በኩል ያለውን መስመር ከነስሜ ሰረዘችው። ከዚያ በ«እኛ» በኩል ባዶ ቦታ ፈልጋ እየተንጠራራች ያንኑ ቃል ጻፈች።

«ምስክርስ?» አለ ከቬትናም በኩል አንዱ።

«እናቴ ናታ!» አለች ዘወር ብላ። «ታናሼን ስታረግዝ አንድ ቀን እንኳ ወረፋ አልጠበቀችም። እኔ ራሴ አብሬ ቀድቻለሁ።» አጠገቡም «ምስክር፦ እናቴ» ብላ ጻፈች።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቬትናሞቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። «በለጥናቸው!» ይላሉ፣ «በዚህስ በለጥናቸው! ቲቸር ይመር ይህን ቢያዩ!» ወደ እኔ የዞረ አንድም ዓይን አልነበረም፤ የተቆጣኝም የለም። እኔ ዋሽቼ ያመጣሁትን እሱ አምኖ እውነት አድርጎታል፣ ጭብጨባውም የሚገባው ለሱ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፌ እንደቆምኩ፣ በሞተ ሰው ቀናሁ።

ስለ ደብዳቤው ግን ለተማሪዎቹ አልነገርኳቸውም። እሱ የሚነገረው ለሰዓዳ ነው። ነገ ጠዋት በውጫሌ በኩል ወደ ሐዘን ቤቱ ወጥቼ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ። «አላህ ይስጥህ» ያለችኝን መልሳ ትወስድብኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ብትወስደው አልፈርድባትም፣ ሲጀመርም የኔ አልነበረም።